የማን ሙታን? ስለ «ሉዊጂስ ማንሽን 2» የቀረበ ሒስ

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከተማሪ ብዕር የሚጠብቁት ስለ ልቅሶ ሥርዐት፣ ስለ እንሰት አተካከል፣ ስለ ዕቁብና ስለ ገበያ የተጻፈ ጥናት መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ሒስ ይዤ ስቀርብ ከመምህሮቼ አንዳንዶቹ ፈገግ እንደሚሉ፣ ከጓደኞቼም አንዳንዶቹ «ፈተና ደርሶ ሳለ የምን መናፍስት ማሳደድ ነው?» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ጨዋታም እንደ ልብ ወለድና እንደ ቴአትር ሰው አስቦ የሠራው ነገር ስለ ሆነ መልካሙን መልካም፣ ጎዶሎውን ጎዶሎ ብሎ መመርመር የሚያሳፍር ሥራ አይመስለኝም። ከዚህም ሌላ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሣኝ አያቴ በአንድ ምሽት የጠየቁኝ አጭር ጥያቄ ነው። እርሱን በቦታው እናገራለሁ።

የመጫወቻው መሣሪያ ወደ ሀቢቾ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ አገር እየሄዱ ንግድ እንደሚነግዱ፣ ከሆሳዕና ገበያ አንሥቶ እስከ ገጠሩ ድረስ የእነርሱ ገንዘብ የሠራው ቤት እንደሚታይ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ታላቅ ወንድሜም ከእነርሱ አንዱ ነው። ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ከላከው ሻንጣ ውስጥ ሁለት ጃኬት፣ ለእናቴ ጫማ፣ እንዲሁም አንድ ያገለገለ ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ከነካርዱ ወጣ። ይህ መሣሪያ በ2011 በጃፓን ለገበያ የቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ሁለት ስክሪን ያለው፣ የላይኛው ስክሪን ያለ መነጽር የሥዕሉን ጥልቀት የሚያሳይ የእጅ መጫወቻ ነው። መሥራቱ በ2020 ቆሟል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው እንደ እኛው ያገለገለ ብቻ ነው።

በካርዱ ላይ ያለው ጨዋታ በማርች 2013 የወጣው «ሉዊጂስ ማንሽን 2» ነው፤ ትርጓሜው የሉዊጂ ታላቅ ቤት ማለት ይሆናል። በአሜሪካ «ዳርክ ሙን»፣ ማለትም ጥቁር ጨረቃ በሚል ስም ይሸጡት ነበር። የመጀመሪያው በ2001 ጌምኪዩብ ከተባለው የቤት መጫወቻ ጋር አብሮ የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው እስኪወለድ 12 ዓመት ፈጅቷል። የሠራውም በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኘው ኔክስት ሌቭል ጌምስ የተባለ ድርጅት ነው፤ ከጃፓን ሆነው ከተቈጣጠሩት አንዱ የማሪዮ አባት የሚባለው ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። ከ6 ሚሊዮን ካርድ በላይ ተሽጧልና ሰው ያልወደደው ጨዋታ አይደለም። እኔም ወድጄዋለሁ። የምወቅሰው ስለ ወደድሁት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ኤቨርሼድ ከሚባል ሸለቆ በላይ ጥቁር ጨረቃ የምትባል ጨረቃ ታበራለች። እርስዋ እስካለች ድረስ በሸለቆው የሚኖሩት መናፍስት ሰላማውያን ናቸው፤ እንዲያውም ፕሮፌሰር ኢ. ጋድ የተባለውን ሽማግሌ በምርምር ሥራው ይረዱታል። ኪንግ ቡ የሚባለው የመናፍስት ንጉሥ ጨረቃዪቱን ሲሰባብራት መናፍስቱ አእምሯቸውን ይስታሉ። ፕሮፌሰሩም ፈሪውን ሉዊጂን ሳይወድ በግድ አስመጥቶ፣ አቧራ የሚስብ የቤት መጥረጊያ መኪና በጀርባው አሸክሞ፣ አምስት አስፈሪ ቤቶች ውስጥ ገብቶ ስብርባሪውን እንዲለቅም ያዘዋል። ከእነዚህም አንዱ አሮጌ የባላባት ቤት፣ አንዱ ሐረግ የወረሰው ግንብ፣ አንዱ የሰዓት ፋብሪካ፣ አንዱ በበረዶ የተከበበ የማዕድን ጕድጓድ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሙዚየም የሚመስል ሕንጻ ነው።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ብልጫ በእጅ የሚሰማው ሥራ ነው። መንፈሱን ለመያዝ በመጀመሪያ የእጅ ባትሪውን ብርሃን አጠራቅሞ ድንገት ዐይኑ ላይ መልቀቅ ያስፈልጋል። መንፈሱ ደንግጦ ሲቆም መኪናውን አስነሥቶ መሳብ፣ ከዚያም መንፈሱ ወደሚሸሽበት በተቃራኒ ማዘንበል ነው። በራሱ ላይ የተጻፈው ቍጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኀይል ሲጠራቀም ደግሞ አንድ ቁልፍ ተጭኖ በአንድ ጊዜ ብዙ መንጠቅ ይቻላል። ይህን በቃል ማስረዳት ያስቸግራል፤ የገጠር ልጅ ግን ወዲያው ይገባዋል። ወተት በሚታለብበት ጊዜ ጥጃን ከእናቱ ጡት ነጥሎ በገመድ የያዘ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ጥጃው ወደ ግራ ሲጐትት አንተ ወደ ቀኝ ትደገፋለህ፤ ድንገት አቅጣጫ ሲለውጥ አብረህ ካልተለወጥህ በአፍጢምህ ትደፋለህ። ታናሽ እኅቴ እንግሊዝኛውን ሳታነብ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ በሁለተኛው መንፈስ ላይ ነገሩን አወቀችው። አንድ ጨዋታ ያለ ቋንቋ ይህን ያህል ማስተማር ከቻለ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ዐውቀዋል ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ሆኖ እንዳይቀርም አስበውበታል። ሁለት መናፍስት ባሉበት ክፍል አንዱን ስትስብ ሌላው ከኋላ ይመታህና ገመዱ ይበጠሳል። ሦስቱን በአንድ ብርሃን አስደንግጠህ በአንድ ላይ ከሳብሃቸው ግን ዋጋው ይበዛልሃል፤ ስለዚህ መፍራትህና መጓጓትህ ይታገላሉ። አንዳንዱ መንፈስ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ይመጣል። ብርሃንህ አይነካውምና መነጽሩን እስኪያወልቅ ወይም እስክትነጥቀው መታገሥ ግድ ነው። ይህን ባየን ጊዜ በቤታችን የተሳቀውን ሣቅ አልረሳውም።

መኪናው መንፈስ ብቻ አይስብም። መጋረጃ ይነጥቃል፣ ምንጣፍ ይጠቀልላል፣ የጠረጴዛ ልብስ ይጐትታል፣ ጣራ ላይ የተሰቀለውን ማራገቢያ ያዞራል፤ ከየሥርቻውም ሳንቲምና ዕንቍ ይወድቃል። በቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ለእጅ መልስ ይሰጣል። እናቴ ቆማ ጥቂት ካየች በኋላ «ወንድ ልጅ ቤት ሲጠርግ ያየሁት ገና አሁን ነው» አለች። እኔ በበኩሌ ስለዚህ ጨዋታ ካነበብሁት ሒስ ሁሉ የእርስዋን ያህል ያሳቀኝ የለም።

ሌላው የሚመሰገንበት ነገር የሚታየው ተውኔት ነው። ሉዊጂ በግድግዳ ስንጥቅና በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ ማየት ይችላል፤ በዚያም መናፍስቱ ማንም የማያያቸው መስሏቸው ሲጫወቱ፣ ሲቀላለዱና ሲጣሉ ይታያሉ። የጥልቀቱ ሥዕል ከማናቸውም ቦታ ይልቅ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ራሱ የምናጮልቅበት ቀዳዳ ይመስላልና። ከዚህም ጋር ሉዊጂ በጨለማው ሲሄድ ከዜማው ጋር እየተንቀጠቀጠ ያንጐራጕራል። ጀግና የሚባለው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ በሚሄድበት የጨዋታ ዓለም፣ ፍርሃቱን ለመሸሸግ የሚያንጐራጕር ሰው ማየት ደስ ያሰኛል። በሌሊት ብቻውን የሄደ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል።

አሁን ወደሚያስቈጣው ክፍል እንምጣ።

የመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ታላቅ ቤት ሰጥቶ «እንደ ወደድህ ዙር» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን እያንዳንዱን ቤት በአጫጭር ተልእኮዎች ከፋፍሎታል። ተልእኮው ሲያልቅ ፕሮፌሰሩ ሉዊጂን ወደ መደበቂያው ይመልሰውና ስንት መንፈስ እንደ ያዘ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ቈጥሮ ማዕርግ ይሰጠዋል። በውጭ አገር ይህን ጨዋታ የነቀፉት ብዙዎች ነቀፌታቸው በዚህ ላይ ነው። ቤቱን መዞር ስንጀምር ይነጥቁናል፣ የጀመርነውን ስሜት ይቈርጡብናል ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ በግማሹ አልስማማም። በሶፋ ላይ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚጫወት ሰውና ባጃጅ እስኪመጣ ቆሞ የሚጫወት ሰው አንድ አይደሉም። ለእኔ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ፣ ትልቅ በረከት ነው። የእጅ መጫወቻ ማለት በሌላ ሥራ መካከል የሚገባ ነገር ማለት ነውና የተልእኮው አከፋፈል መሣሪያውን ያወቀ ሰው ሐሳብ ነው።

ነገር ግን ሐሳቡን ጀምረው አልጨረሱትም። በተልእኮው መካከል ሉዊጂ ከወደቀ፣ ሃያ ደቂቃ የደከምህበት ሁሉ ቀርቶ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለህ። የተከፈተው በር ይዘጋል፣ የተያዘው መንፈስ ይፈታል፣ ያነበብኸውን የፕሮፌሰሩን ንግግር እንደገና ትሰማለህ። የወርቅ አጥንት ያገኘ ተጫዋች አንድ ጊዜ ይነሣል፤ ያላገኘው ግን ምንም መድኅን የለውም። በግንቡ ቤት መጨረሻ ላይ ደረጃው ራሱ በመንፈስ ተይዞ የሚዋጋበት ቦታ አለ። የትኛው ደረጃ እንደሚከዳህ በሙከራ ካልሆነ አታውቅም፤ ተሳስተህ ስትወድቅም እንደገና ከታች ነው። አንድ ጊዜ ያስቃል፤ ሦስት ጊዜ ያናድዳል።

መሣሪያውን ስታጥፈው ጨዋታው ባለበት እንደሚተኛ መካድ አይገባኝም፤ ይህ ብዙ ጊዜ አድኖኛል። ይሁን እንጂ እንቅልፉም ከባትሪው ዕድሜ አያልፍም፤ ያገለገለ ባትሪ ደግሞ የሽማግሌ ጕልበት ነው። በሰዓት ፋብሪካው ውስጥ ረጅሙን ተልእኮ ይዤ ሳለሁ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። በመጀመሪያው ምሽት የጥልቀቱን ሥዕል አጥፍቼ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ ቈጠብሁ። በሁለተኛው ቀን ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረና ምሳ ሳይቀርብ ጠፋ። መብራት ሲመለስ ከበሩ ነው የጀመርሁት። ጨዋታው አጭር ጊዜ ያለውን ሰው አስቦ ከተከፋፈለ፣ ጊዜው የሚቋረጥበትንም ሰው ማሰብ ነበረበት። በመካከል አንድ የማስቀመጫ ቦታ ማበጀት ተልእኮውን ከመከፋፈል ይልቅ የሚያስቸግር ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የፕሮፌሰሩ ስልክ ነው። ሉዊጂ በኪሱ የያዘው መነጋገሪያ በየጊዜው ይጮሃል፤ በጮኸ ቍጥርም ቆሞ ማዳመጥ ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ገና አሁን በዐይንህ ያየኸው ነገር ነው፦ በር ተቈልፏል፣ ቁልፍ ያስፈልጋል፣ እዚያ ሂድ። ጥሩ መምህር ተማሪው እስኪጠይቀው ድረስ ዝም ማለትን ያውቃል። ይህ ፕሮፌሰር ግን ጥያቄውን ጽፎ፣ ከሥሩ መልሱን ጽፎ፣ ወረቀቱን ለተማሪ እንደሚሰጥ ፈታኝ ነው። (ይህን ስጽፍ በአእምሮዬ ያለ መምህር የለም።) ቤቶቹ በእውነት ጥሩ እንቆቅልሽ የተሞሉ ስለ ሆኑ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል፤ እንቆቅልሹን የፈጠረው ሰው መልሱን የሚያሾልከውን ሰው ከጎኑ ማስቀመጥ አልነበረበትም።

ስለ አያያዙ ደግሞ ጥቂት ልበል። መሣሪያው ለአውራ ጣት ያለው አንድ መንጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሉዊጂ በሚሄድበትና በሚያይበት አቅጣጫ መካከል መለየት ሲያስፈልግ ነገሩ ይደናገራል። ይህን ለማካካስ ይመስላል መሣሪያውን ራሱን ማዘንበል አምጥተዋል፤ በጠባብ እንጨት ላይ ሲሻገርም ሚዛኑን የምትጠብቀው መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ በማዘንበል ነው። ነገር ግን የላይኛው ስክሪን ጥልቀት የሚታየው ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ስትይዘው ብቻ ነው። ስታዘነብለው ሥዕሉ ሁለት ይሆንና ዐይን ይደክማል። አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ነሣ ማለት ይህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን እንደ ቋጠሮ ናቸው፤ ትዕግሥት ይፈታቸዋል። ትዕግሥት የማይፈታውን ያሳዩኝ አያቴ ናቸው።

ያ መብራት የጠፋበት የመጀመሪያው ምሽት ነበር። በቤቱ ውስጥ ከምድጃው ፍምና ከስክሪኑ በቀር ብርሃን ስላልነበረ ልጆቹ ሁሉ በዙሪያዬ ተሰበሰቡ። አያቴም ከምድጃው አጠገብ ካለው በርጩማቸው ተነሥተው መጡና ከትከሻዬ በላይ ጐንበስ ብለው ያዩ ጀመር። አረንጓዴው መንፈስ ሲታገል፣ ሲጮህ፣ ወደ መኪናው ሲገባ አዩ። ከዚያም በሐድያኛ «እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉኝ። «አያቴ፣ የሙታን መናፍስት ናቸው» አልኋቸው። ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «የማን ሙታን?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጨዋታውም መልስ የለውም። በዚህ ጨዋታ የሚያዙት መናፍስት በዓይነታቸው የተከፋፈሉ ናቸው፦ አረንጓዴው፣ ትልቁ ቀይ፣ ተሸሽጎ ዕቃ የሚወረውረው፣ ከኋላ የሚያስደነግጠው፣ ምራቅ የሚተፋው። አንዱን አረንጓዴ ከሌላው አረንጓዴ የሚለየው መነጽር ወይም መጥበሻ መያዙ ብቻ ነው። የማን ቤት እንደ ነበረ፣ እነርሱስ በሕይወት ሳሉ ምን እንደ ነበሩ፣ ለምን ያን ክፍል እንደማይለቁ ማንም አይነግርህም። እንደ ነፍሳት ተለቅመው በመስታወት ውስጥ ይታያሉ።

አያቴ ይህን ጥያቄ ስለ መጀመሪያው ጨዋታ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ከ20 በላይ የሚሆኑ መናፍስት እያንዳንዳቸው ስም፣ መልክና ልማድ ነበራቸው፤ ቤተ ሰብም ነበሩ። አባትየው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል፤ እናትየው በመስታወት ፊት ጠጕሯን ታበጥራለች፤ ሕፃኑ በአልጋው ውስጥ አለ። እነርሱን ለመያዝ ጕልበት ብቻ አይበቃም። አባትየው እስኪያዛጋ ድረስ ቆሞ መጠበቅና በዚያች ቅጽበት ብርሃኑን ማብራት ያስፈልጋል። ማለትም ለማሸነፍ መጀመሪያ ሰውየውን መመልከት፣ ጠባዩን ማወቅ ግድ ነበር። ሁለተኛው ጨዋታ ለእጅ የሚሰጠው ሥራ ከመጀመሪያው እጅግ የላቀ ነው፤ ለዐይንና ለልብ የነበረውን ሥራ ግን አስቀርቶታል። እኔ በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል፤ ነቃፊዎች ስለ ተልእኮው አከፋፈል የሚያነሡት ክርክር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቃቅን ነው።

ይህን የማነሣው ስለ መናፍስት የምናምነውን በጨዋታ ላይ ለመጫን አይደለም። ሆኖም አያቴ የጠየቁት ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በብዙ የአገራችን ክፍል አንድ ሰው መንፈስ ያዘው በተባለ ጊዜ፣ በጠበልም ይሁን በጸሎት ቤት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስምህ ማን ነው?» ተብሎ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ተቀምጦ የዛርን ነገር ሲያጠና ያየው ይህንኑ ነው፦ ዛሩ ስም አለው፣ ጠባይ አለው፣ የሚወደው ልብስና የሚጠይቀው ነገር አለው፤ ይለመናል፣ ይደራደሩታል። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ከቴአትር ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። መንፈስ ከተባለ ማንነት ይኖረዋል፤ ማንነት ከሌለው እንደ ትንኝ ነው፣ ትንኝን ደግሞ ማሳደድ እንጂ ማነጋገር የለም።

የሚያስገርመው፣ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ራሱ ሌላ መንገድ ከፍቶ ነበር። መናፍስቱ ጨረቃዪቱ ከመሰበርዋ በፊት የፕሮፌሰሩ ረዳቶች እንደ ነበሩ መጀመሪያ ላይ ይነግረናል። እንግዲህ የምናሳድዳቸው ጠላቶች አይደሉም፤ በሽተኞች ናቸው ማለት ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ አንድ ብቻ እንኳ፣ የቀድሞ ሥራውን እያስታወሰ ሲባክን ብናየው፣ ወይም ከመያዝ በቀር ሌላ የምናደርግለት ነገር ቢኖር፣ ጨዋታው ምን ያህል በከበረ ነበር። ነገር ግን ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ያለን መሣሪያ መኪናው ብቻ ነው። ጨረቃዪቱ ስትጠገን ሁሉም ደግ ይሆናሉ፤ ደግነታቸው ከእኛ ሥራ ጋር የሚያያዝበት ክር ግን አልተፈተለም።

ጠባይ የተሰጠው አንድ መንፈስ ብቻ ነው፤ እርሱም ውሻ ነው። ቁልፍ ሰርቆ ይሸሻል፣ ይላከፋል፣ ሲይዙት ይልሳል። የእርሱ ማሳደድ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ተጫዋቾች ያማርሩበታል፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ አማርሬበታለሁ። ነገር ግን በቤታችን ልጆቹ ስም ያወጡለት እርሱን ብቻ ነው፤ ካርዱን ስከፍት ሁልጊዜ የሚጠይቁኝም ስለ እርሱ ነው። ሠሪዎቹም ነገሩን የተረዱት ይመስለኛል። በ2019 ስዊች ለተባለው መሣሪያ የወጣው ሦስተኛው ጨዋታ አንድ ሆቴል ሲሆን፣ የተልእኮውን አከፋፈል ትቶ፣ በየፎቁም የየራሳቸው ስምና ሙያ ያላቸው መናፍስት መልሶ አምጥቷል። በ2024 ለዚያው ስዊች ታድሶ የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ግን ሥዕሉ ጠራ እንጂ መናፍስቱ ያው ስም የለሽ ናቸው።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ሉዊጂና ስለ ወንድሙ አንድ ነገር ላንሣ። መንታም ቢባሉ ታናሹ እርሱ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ወደዚያ ቤት የሚገባው የጠፋውን ማሪዮን ፍለጋ ነበርና፣ ቁልፉን በጫንህ ቍጥር በባዶው ክፍል ውስጥ ቆሞ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ስሙን ይጣራል። በሁለተኛው ግን ማሪዮ መያዙ የሚገለጠው ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የሉዊጂ ድካም የፕሮፌሰሩን ትእዛዝ ከመፈጸም አያልፍም። በፍርሃት ውስጥ የሚያስገባ ምክንያት ፍቅር ሲሆንና ትእዛዝ ሲሆን ልዩነት አለው። እኔ እንኳ ይህን ጨዋታ የምጫወተው ማን እንደ ላከልኝ ስለማስብ፣ ያ ጥሪ በሁለተኛው ውስጥ በመጕደሉ ቅር ተሰኝቻለሁ።

ወንድሜ በስልክ ሲያገኘኝ የት እንደ ደረስሁ ይጠይቀኛል። ጨዋታው እስከ አራት ሰው አብሮ የሚወጣው አንድ ግንብ አለው፤ ፎቅ በፎቅ መናፍስት እየያዙ መውጣት ነው። በሩቅ ያለ ሰው በኢንተርኔት የሚገባበት መንገድም ነበረው፤ ኩባንያው የ3ዲኤስን የኢንተርኔት ጨዋታ በአፕሪል 2024 ስለ ዘጋው ከጆሐንስበርግና ከሀቢቾ ሆነን አብረን መጫወት አልቻልንም። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች ግን በአንድ ካርድ ብቻ፣ ካርድ የሌለው መሣሪያ ከባለ ካርዱ እየተቀበለ፣ ዛሬም ሊጫወቱ ይችላሉ። ይህ ለደሀ ተጫዋች የታሰበ መልካም ነገር ነው። ሲመጣ ሁለተኛ መሣሪያ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። እስከዚያው አምስተኛው ቤት ውስጥ ነኝ፤ ሁለት ተልእኮ ቀርቶኛል፤ ባትሪውም ዛሬ ሙሉ ነው።